«አድዋ» ከአዳራሽ ወደ ቤት፤ ታሪካዊ የጦርነት ፊልምና የቪዲዮ ቅጂው እንዴት ይዳኙ?

1. መንደርደሪያ

ፊልም በሥነጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች የጥናት ርዕስ መሆን ከጀመረ ወዲህ፣ በማማክራቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ችግር ደጋግሞ ይገጥመኛል። ተማሪው አንድ ታሪካዊ የጦርነት ፊልም ይመርጣል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ታሪኩ «ልክ» መሆን አለመሆኑን ከታሪክ መጻሕፍት ጋር እያስተያየ ይመረምራል፤ በሁለተኛው የገጸባሕርያቱን አሳሳልና ሴራውን ይተነትናል፤ በመጨረሻም «ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ድምፁ አይጠራም፤ አንዳንዱ ትዕይንት ያለ ምክንያት ይቋረጣል» ብሎ ይደመድማል። ይህ የመጨረሻ ፍርድ የወደቀው በማን ላይ ነው? ፊልሙን በሠራው ከያኒ ላይ ነው ወይስ ካሴቱን በገለበጠው ሰው ላይ? ጽሑፉ አይነግረንም። አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ጥያቄው መኖሩንም ልብ አላለውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ፍርዶች መለየት ነው። በመጀመሪያ ታሪካዊ የጦርነት ፊልም እንደ ኪነጥበብ ሥራ በምን ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባው፣ ቀጥሎም ያ ሥራ ለቤት ተመልካች በካሴት ወይም በዲስክ ሲወጣ ቅጂው ራሱን ችሎ እንዴት ሊመረመር እንደሚችል ለማሳየት እሞክራለሁ። ዋና ማስረጃዬ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት «አድዋ» የተሰኘው የ97 ደቂቃ ፊልም ነው። ለንጽጽር ያህል የውጭ ፊልሞችንም አነሣለሁ።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በውጭው ዓለም «ኤፒክ» የሚባለውን ዘውግ አንዳንድ ጸሐፊዎቻችን «ገድል» ሲሉት ይታያል። ገድል ግን በግእዝ ሥነጽሑፍ የራሱ ቅርጽ ያለው የቅዱሳን ሕይወት ታሪክ ነው፤ ባለ ገድሉ በመንፈሳዊ ተጋድሎው ይመሰገናል እንጂ አይዳኝም። የጦርነት ኤፒክ ግን ጀግናውን እያወደሰም ቢሆን ይመዝነዋል። የሆሜር «ኢሊያድ» የአኪሌስን ጀግንነት ብቻ ሳይሆን ቁጣው በገዛ ወገኑ ላይ ያመጣውን እልቂት የሚተርክ መሆኑን ያስታውሷል። ሁለቱን ካቀላቀልን ታሪካዊውን ፊልም እንደ ገድል እናነበውና ከሂስ ውጭ እናደርገዋለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ኤፒክ» የሚለውን ቃል እንዳለ እጠቀምበታለሁ።

2. የእውነት ሦስት ደረጃዎች

«ፊልሙ ታሪኩን አዛብቷል» የሚለው ወቀሳ ብቻውን ሂስ አይሆንም። የተዛባው ምንድን ነው? በእኔ አመለካከት በታሪካዊ ኤፒክ ውስጥ ሦስት ዓይነት እውነት አለ፤ የዝርዝር እውነት፣ የምክንያት እውነትና የመንፈስ እውነት።

በ1990ዎቹ የአዲስ አበባ ቪዲዮ ቤቶች ብዙ ተመልካች የነበረውን የሜል ጊብሰንን «ብሬቭ ሃርት» (1995 እ.ኤ.አ.) እንውሰድ። እኔም ፊልሙን ያየሁት ተማሪ ሳለሁ በሰፈሬ በሳንሱሲ በሚገኝ ቪዲዮ ቤት፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር ተጣብቤ ነው። በፊልሙ ውስጥ ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ዋላስ ከፈረንሳዊቷ ልዕልት ኢዛቤላ ጋር ይፋቀራል። እውነተኛው ዋላስ በተገደለበት በ1305 ኢዛቤላ አሥር ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ነበረች፤ ወደ እንግሊዝም አልመጣችም። ይህ የዝርዝር ስሕተት ነው፤ ግዙፍ ቢሆንም የጦርነቱን አካሄድ አይለውጥም።

ሌላው ስሕተት ግን ከዚህ ይከፋል። በ1297 የተደረገው ጦርነት «የስተርሊንግ ድልድይ» ጦርነት ይባላል፤ የእንግሊዝ ጦር በጠባቡ ድልድይ ላይ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ሲሻገር፣ ስኮትላንዳውያኑ ግማሹ እስኪሻገር ጠብቀው መቱት። በፊልሙ ውስጥ ድልድዩ የለም። ሁለቱ ወገኖች በሜዳ ላይ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ድልድዩ ሲወጣ አብሮት የወጣው የድሉ ምክንያት ነው። ብልሃት የነበረው ወደ ጉልበት ተለወጠ። የምክንያት እውነት ማለት ይህ ነው።

ይህን ሚዛን ወደ አድዋ እናምጣው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ያለው እንደ ቁጣ ማዕበል ነው። ጀግንነቱ የማይካድ ነው። ይሁን እንጂ የጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር በሌሊት የተንቀሳቀሰው በአራት ክፍል ሆኖ ነበር። በካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተመለከተው ኮረብታ ትክክለኛ ቦታው ላይ ስላልነበረ የጄኔራል አልበርቶኔ ክፍል ከሌሎቹ ርቆ ወደ ፊት ሄደ፤ ለብቻውም ተመታ። የዳቦርሚዳ ክፍልም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወርዶ ከተቀሩት ተነጠለ። ከዚህ ሁሉ በፊት የስንቅ ጥያቄ ሁለቱንም ወገን አስጨንቆ ነበር። ባሻ አውአሎም ሐረጎት ለጠላት የሚሰልሉ መስለው ለወገን መረጃ ያቀበሉት በዚያ ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ ተዘልሎ ጎራዴና ፈረስ ብቻ የሚታይበት የአድዋ ፊልም ቢሠራ፣ ተመልካቹ በእንባ ቢታጠብም ፊልሙ አባቶቻችንን አሳንሷቸዋል እላለሁ። የተዋጉት በክንዳቸው ብቻ አልነበረምና።

ሦስተኛው የመንፈስ እውነት ነው። ፊልሙ ዘመኑ ራሱን ያየበትን ዓይን ያሳየናል ወይስ የእኛን ዓይን ይተክልበታል? እዚህ ላይ ከባዱ ፈተና ድሉ ሳይሆን ከድሉ ጎን ያለው ነገር ነው። በኢጣልያ ወገን ተሰልፈው የተዋጉ ብዙ ኤርትራውያን አስካሪዎች ነበሩ፤ ከተማረኩት መካከልም ብዙዎቹ እጅና እግራቸው ተቆርጧል። አንድ የአድዋ ኤፒክ ይህን በዝምታ ሊያልፈው ይችላል፤ ወይም በአንድ ምስል ሊነካው ይችላል። የሚመርጠው መንገድ ፊልሙ ወደ ገድል ያዘነበለ መሆኑን ወይም ኤፒክ መሆኑን የሚለይ ነው።

3. ውጊያው ለትረካው ምን ይሠራል?

በጦርነት ፊልም ውስጥ ውጊያ ጌጥ አይደለም፤ የሴራው አካል ነው። እያንዳንዱ ግጥሚያ ሲያበቃ ከመጀመሩ በፊት ያልነበረ ነገር መኖር አለበት። ያ ካልሆነ ውጊያው ምንም ያህል ቢያስገመግም ትረካው ባለበት ቆሟል።

የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954 እ.ኤ.አ.) ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ታሪኩ ልቦለድ ቢሆንም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን የተመሠረተ ነው። መሪው ካምቤይ የወንበዴዎቹን ብዛት በክብ ምልክቶች በወረቀት ላይ ያሰፍርና አንዱ በወደቀ ቁጥር አንዱን ምልክት ይሰርዛል። ተመልካቹ በየትኛውም ሰዓት ስንት እንደቀረ ያውቃል፤ መንደሩ በየት በኩል ክፍት እንደሆነም ያውቃል። ስለዚህ በመጨረሻው ዝናብና ጭቃ ውስጥ እንኳ አይደናገርም።

የአድዋ ዘመቻ ራሱ ደራሲ የነደፈው የሚመስል ሴራ አለው። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ የማጆር ቶዜሊ ጦር በጥቃት ተደመሰሰ። ቀጥሎ በመቀሌ የማጆር ጋሊያኖ ምሽግ ተከበበ፤ እዚያ ድሉን ያመጣው ጥይት ሳይሆን በእቴጌ ጣይቱ ሐሳብ የውኃው ምንጭ መያዙ ነው። በመጨረሻ አድዋ መጣ። ጥቃት፣ ከበባ፣ ታላቅ ግጥሚያ፤ ሦስቱም በቅርጻቸው የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል። ሦስቱን አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያሳይ ፊልም የተሰጠውን ሴራ አባክኗል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የእኛ ቃላዊ ሥነጽሑፍ የሚጨምረው አለ። ፉከራና ሽለላ «እኔ» የሚል ድምፅ ነው፤ እያንዳንዱ ተዋጊ በራሱ ስም፣ በፈረሱ ስም፣ በአባቱ ስም ይናገራል። የአማርኛ ኤፒክ ተሰብስቦ በአንድ ታላቅ ግጥም አልተጻፈልንም፤ በሺህ «እኔ»ዎች ተበትኖ ይገኛል። ስለዚህ አድዋን በአንድ ኮከብ ተዋናይ ዙሪያ የሚያጠነጥን ፊልም ከሆሊውድ ቢዋስ እንጂ ከፉከራው አልተማረም።

4. «አድዋ» በሚዛኑ ላይ

ኃይሌ ገሪማ በጎንደር የተወለዱ፣ የጸሐፌ ተውኔት ልጅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የፊልም ሰው ናቸው። «አድዋ»ን ሲሠሩ ጦርነቱን በተዋንያን ለማስመሰል አልሞከሩም። የተጠቀሙት የሽማግሌዎችን ትዝታ፣ ሥዕልን፣ ዜማንና የአገሩን ተራሮች ነው። ስለዚህ ፊልሙ በዘውግ ዘጋቢ ነው ቢባልም በአወቃቀሩ ከላይ ወዳልኩት ብዙ «እኔ»ዎች ያሉት ኤፒክ ይቀርባል።

ይህ ምርጫ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። ባህላዊው የአድዋ ሥዕል የራሱ ሰዋስው አለው። ወገን በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኖቹ ይሣላል፤ ጠላት በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ ላይ ይታያል። ንጉሠ ነገሥቱ በጥላ ሥር፣ እቴጌይቱ በፈረስ ላይ ይገኛሉ። ሠዓሊው በአንድ ሸራ ላይ የቀኑን መጀመሪያና መጨረሻ ባንድነት ያስቀምጣል። ካሜራ በዚህ ሥዕል ላይ ሲንቀሳቀስ ለሠዓሊው አንድ የነበረውን ጊዜ ወደ ቅደም ተከተል ይለውጠዋል፤ ሥዕሉ ትረካ ይሆናል። በፊልሙ ጥበብ ውስጥ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

በሦስቱ የእውነት ደረጃዎች ሲመዘን፣ የ«አድዋ» ብርታት በመንፈስ እውነት በኩል ነው። ድሉ ለመቶ ዓመት ያህል በቃልና በቀለም እንዴት እንደኖረ ያሳያል። ጦርነቱ በየትኛው ሸለቆ፣ በየትኛው ሰዓት እንዴት እንደተካሄደ በዝርዝር ለማወቅ የሚሻ ግን መጽሐፍ ጨምሮ ማንበብ አለበት። ይህን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ወሰን ነው የማየው። አንድን ሥራ ያላሰበውን ስላልሠራ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ወሰኑን መናገር ግን የሃያሲ ግዴታ ነው።

5. ቅጂውን እንደ ብራና መመርመር

የሥነጽሑፍ ሰዎች ለዚህኛው ክፍል ከሌሎች ይልቅ የተዘጋጀን ነን። አንድ የግእዝ ድርሳን ለማጥናት የሚነሣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «የትኛው ቅጂ?» የሚል ነው። ቁም ጸሐፊው ዓይኑ ስቶ መስመር ዘልሎ ይሆናል፤ ኅዳግ ላይ የነበረ ማስታወሻ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ቅጠል ተገንጥሎ ይሆናል። ስለዚህ ቅጂዎቹን እናስተያያለን። ፊልም በካሴት ወይም በዲስክ ሲወጣም ያው እትም ነው፤ የአራሚና የገልባጭ እጅ አለበት። የሚከተሉትን አራት ነጥቦች መመርመር ይበቃል።

ሀ) ርዝመት። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። አገራችን የምትጠቀምበት ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ግን በሰከንድ 25 ነው። ፊልም ወደ ፓል ሲገለበጥ በአብዛኛው ከመቶ አራት ያህል ስለሚፈጥን የ97 ደቂቃ ፊልም 93 ደቂቃ ይሆናል። ሰዓት ይዞ የተመለከተ ተማሪ «አራት ደቂቃ ተቆርጧል» ቢል አይፈረድበትም፤ ግን ምንም አልተቆረጠም።

ለ) የምስሉ ስፋት። ብዙዎቹ የውጭ የጦርነት ፊልሞች የተነሡት ስፋቱ ከቁመቱ 2.35 እጥፍ በሆነ ምስል ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ስፋት ከቁመቱ 1.33 እጥፍ ነው። ምስሉ ቴሌቪዥኑን እንዲሞላ ጎንና ጎኑ ሲቆረጥ ከስፋቱ ከመቶ 43 ያህሉ ይጠፋል። በጦርነት ፊልም ደግሞ ጎን ማለት ክንፍ ነው፤ ከበባው የሚመጣው ከዚያ ነው። በሥዕል ላይ ለተመሠረተ ፊልምም ነገሩ ያው ነው፤ የሸራው ጫፍ ሲቆረጥ ሠዓሊው በዚያ ያስቀመጠው ሰው አብሮ ይቆረጣል።

ሐ) ድምፅ። ከላይ የተባለው ፍጥነት የድምፁንም ከፍታ ይጨምራል። ጭማሪው ግማሽ ድምፅ ባይሞላም ቀረርቶን ያቀጥነዋል። ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ደግሞ ሹክሹክታና የመሣሪያ ድምፅ አንድ ላይ ይጨፈለቃሉ። የሽማግሌ ንግግር ዋና ምሰሶው ለሆነ ፊልም ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

መ) ትርጉምና ጽሑፍ። ከምስሉ ግርጌ የሚጻፈው ትርጉም ለቅጂው የተጨመረ ነው ወይስ ከፊልሙ ጋር የመጣ? ፉከራውን ተርጉሞታል ወይስ «ይዘፍናሉ» ብሎ አልፎታል? በአማርኛ ድምፅ እየተተረጎሙ የወጡ የውጭ ፊልሞችንም ያጠና ሰው ተርጓሚው ሁለተኛ ደራሲ መሆኑን ያውቃል።

ይህን ሚዛን ከጥቂት ተማሪዎች ጋር በሳንሱሲ ቤቴ ሞክሬዋለሁ። አንደኛው ተማሪ ከዘመድ የተገኘ፣ ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ የማይታወቅ የ«አድዋ» ካሴት ይዞ መጣ፤ እኔ ከውጭ አገር ወዳጅ የላከልኝ ዲስክ ነበረኝ። ጎን ለጎን አስቀምጠን እያቆምን ተመለከትን። በካሴቱ ላይ መክፈቻው የለም፤ ቀዩ ቀለም ከመስመሩ ወጥቶ ስለሚፈስ በሥዕሎቹ ላይ ጥላውንና ባንዲራውን መለየት ያስቸግራል፤ የግርጌው ጽሑፍም ግማሹ ከመስኮቱ በታች ወድቋል። ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ ባዘጋጀው ረቂቅ ላይ «ዳይሬክተሩ ያለ መግቢያ በድንገት ይጀምራል፤ ይህም ተመልካቹን ለማናወጥ ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። ትንታኔው ጥሩ ትንታኔ ነበር፤ የተነተነው ግን የቴፑን መቆረጥ ነው። ምዕራፉን እንደገና ጻፈው።

6. ቅጂ ፍርድን ሲለውጥ

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የቤት ቅጂው ከአዳራሹ የተሻለ ይሆናል። የሪድሊ ስኮት «ኪንግደም ኦቭ ሄቨን» እ.ኤ.አ. በ2005 በሲኒማ ሲወጣ 144 ደቂቃ ነበር። ብዙ ሃያስያን የልዕልት ሲቢላ ጠባይ ያለ በቂ ምክንያት ይለዋወጣል አሉ። በ2006 በዲቪዲ የወጣው የዳይሬክተሩ ቅጂ ግን 194 ደቂቃ ነው፤ በሲኒማው ላይ ያልነበረ የሲቢላ ልጅ ተመልሶበታል፤ ሕፃኑ የአጎቱን የለምጽ በሽታ እንደወረሰ ይታወቃል፤ የእናቲቱም መሰበር ምክንያት ያገኛል። የሴራ ጉድለት ተብሎ የተወቀሰው የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥራ ነበር። «ሰባቱ ሳሙራይ»ም 207 ደቂቃ ሆኖ ሳለ ለረጅም ጊዜ በውጭ አገር የታወቀው ሩብ ያህሉን ባጣ ቅጂ ነው።

በእኛ ወገን ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል፤ ጥያቄው «የትኛው ቅጂ?» ከማለት አልፎ «ቅጂ አለ ወይ?» እስከ ማለት ይደርሳልና። ኃይሌ ገሪማ ስለ ባርነትና ስለ ዐመፅ የሠሩትን «ሳንኮፋ» (1993 እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበል ስላሉ፣ እሳቸው በየከተማው አዳራሽ እየተከራዩ አሳዩት። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር የከፈቱት መደብርም በዚሁ ፊልም ስም የተሰየመ የቪዲዮና የመጻሕፍት መደብር ነው። ለእነዚህ ፊልሞች የቤት ቅጂው የሲኒማው ተቀጥላ ሳይሆን ዋናው መተላለፊያ ነበር። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) በ2006 ታድሷል፤ «ሳንኮፋ»ም ታድሶ በ2021 በኔትፍሊክስ ለዓለም ተመልካች ቀርቧል። ሁለቱም የታደሱት አንድ ሰው የመጀመሪያውን ቅጂ ስለጠበቀ ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን ወደ ተግባር ስመልሰው ለተማሪዎቼ የማስተላልፈው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ስለ ታሪካዊ ፊልም የሚጻፍ ማንኛውም ጥናት በመጀመሪያው ገጽ ላይ የትኛውን ቅጂ እንደተመለከተ፣ ርዝመቱን፣ የምስሉን ስፋትና የትርጉሙን ሁኔታ ያስፍር። ታሪካዊ ስሕተት ሲጠቅስ ስሕተቱ የዝርዝር፣ የምክንያት ወይም የመንፈስ መሆኑን ይለይ። ውጊያን ሲያደንቅ ውጊያው በትረካው ውስጥ የለወጠውን ነገር ይጥቀስ። ምስልና ድምፅን ሲወቅስ ቢቻል ሁለተኛ ቅጂ ይፈልግ፤ ካልተቻለም ወቀሳው የቅጂው መሆኑን ይናገር።

በየቤቱ፣ በየመደርደሪያው አሮጌ ካሴቶች አሉ። የቪዲዮ ማጫወቻው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቴፑም እየሻገተ ነው። ከእነዚህ መካከል ሌላ ቅጂ የሌለው የአማርኛ ፊልም ሊገኝ ይችላል። ብራና ለመፈለግ ገዳማትን የምናስስ ሰዎች የጎረቤታችንን ቁም ሣጥን ለማየት ልንሰንፍ አይገባም። ትምህርት ክፍላችን የካሴት መዝገብ ቢከፍት፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፈሩ አንድ አንድ ቅጂ ፈልጎ ሁኔታውን ቢመዘግብና ባለቤቱ ሲፈቅድ ወደ ዲጂታል ቢገለበጥ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው አጥኚ የሚዳኘው ነገር ያገኛል።